ቢጫውን መስመር ማን ይላጠው

በእኛ የመኪና ውድድር ሜዳ፣ ጀማሪ ሹፌር ከመኪናው ኋላ፣ ፓራውልቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ስፋቱ አራት ጣት ነው። ከኋላ የሚመጣው ነባር ሹፌር ያንን ቢጫ ሲያይ «ይሄ ገና ነው፣ ሊደናበር ይችላል» ብሎ ራቅ ይልለታል። ጀማሪው ስምንት ውድድር የባንዲራ ጥፋት ሳይኖርበት ከጨረሰ ፕላስተሩ ይነሳለታል። አንድ ባንዲራ ከጣሰ ግን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ቢጫ ለጥፎ ይመጣል።

ፕላስተሩን የሚልጠው ሹፌሩ ራሱ አይደለም። እሱን ሹፌር ያደረገው ሰው ነው። ሹፌሩ የመረጠው ሰው፣ ሁሉም ቆሞ እያየ፣ ከመኪናው ኋላ ይንበረከክና ከግራ ወደ ቀኝ ይልጠዋል። አባት የላጠ አለ፣ መካኒክ የላጠ አለ። አንዱማ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ያስተማረውን ሰውዬ ከሌላ ከተማ አስመጥቶ አስልጧል።

ልጄ ሰባቱን ውድድር ጨርሳ አንድ ሲቀራት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እኔ ወዳለሁበት መጣች። ባንዲራዎቼን እያጠብኩ ነበር። እኔ በዚያው ሜዳ ባንዲራ አውለብላቢ ነኝ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቆሜ፣ አደጋ ሲኖር ቢጫ፣ ዘይት ሲፈስ ቀይ መስመር ያለበት ቢጫ፣ ፈጣን መኪና ከኋላ ሲመጣ ሰማያዊ አሳያለሁ። የሜዳው ማጠቢያ ማሽን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ቤት አምጥቼ በእጄ ነው የማጥባቸው።

«እማ» አለች በሩን ተደግፋ። «ለእሑዱ እትዬን ጠየቅኳት።»

«ምን ብለሽ?»

«ፕላስተሩን እንድትልጥልኝ።»

እትዬ የምትላት የአባቷን ሚስት ነው። እጄ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ደግ አደረግሽ» አልኩ።

«አነጋገርሽ ደግ አይመስልም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልጨፍር?»

«አንቺ ጣቢያሽን ጥለሽ መምጣት አትችይም ብዬ እኮ ነው።»

«የሚላጠው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሲያልቅ እኛንም በመኪና ይሰበስቡናል፤ መታጠፊያው ላይ አያሳድሩንም።»

ሰበቧ እንዳልሠራላት አውቃዋለች። ቀስ ብላ «እማ፣ አንቺ እንድነዳ ፈልገሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ቢጫውን ባንዲራ ጨመቅኩት፤ ከሚገባው በላይ ጨመቅኩት።

የአባቷ ሚስት የቀለም ሠራተኛ ናት። መኪና ትቀባለች፣ መስመር ትስላለች፣ ቁጥር ትለጥፋለች። በሜዳው ሁሉ ባለቀለሟ ነው የሚሏት። እኔና የልጄ አባት የተለያየነው ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። እሱ መካኒክ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እሷን አገባ። ክፉ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ የእንጀራ እናት ለእናት እረፍት ናት፤ ልጅ እያለቀሰች ወደ እናቷ ትመለሳለች። የእኔዋ ግን ከአባቷ ጋራዥ የምትመለሰው እያንጎራጎረች፣ ጥፍሯ ሥር ቀለም ይዛ ነበር።

ባንዲራ አውለብላቢ የሆንኩትም በልጄ ምክንያት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ውድድር ስለምወድ ነው እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ልጄ ሜዳውን አልለቅም ስትል፣ እዚያው ሜዳው ላይ ልጠብቃት ብዬ ነው። መጀመሪያ በልምምድ፣ ዘንድሮ ደግሞ በውድድር፣ በድምሩ አራት ዓመት ቆሜያለሁ። በመጣች ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ባለፈች ቁጥር እተነፍሳለሁ።

የመኪናዋ ቀለም ሲመረጥ እኔ ቀይ ይሁን ብዬ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለች ከቀይ ሌላ አትለብስም ነበር። ባለቀለሟ ግን «ቀይ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ከአሥሩ መኪና አራቱ ቀይ ነው። እናቷ ከሩቅ በምን ትለያታለች?» አለች አሉ። መኪናውን ሰማያዊ ቀባችና ከኮፈኑ እስከ ኋላው ድረስ ሁለት ነጭ መስመር አወረደችበት። እንዳለችውም፣ ከሩቅ ከማንም መኪና በፊት የማየው የልጄን ነው። አንጀቴን ያሳረረው እውነቷን መሆኑ ነው።

አምና በልምምድ ላይ ልጄ ግድግዳ ስትመታ፣ ሮጬ ደርሼ «ዳግመኛ መሪ ከጨበጥሽ ልጄ አይደለሽም» አልኳት። ባለቀለሟ ደግሞ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «መኪናው ሲንሸራተት ዓይንሽ የት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። በማግሥቱ ባዶ መንገድ ላይ ወስዳ፣ አፍንጫሽ ሥር ያለውን ተዪውና ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን እዪ እያለች አስተማረቻት። ይህንን የነገረችኝ ልጄ ናት፣ ዓይኗ እያበራ።

እሑድ ጠዋት ከጋሽ ጆሮ ጋር ጣቢያችን ላይ ቆመን ነበር። ጋሽ ጆሮ ከዳኞቹ ማማ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረው ሰው ነው። ማዳመጫው ከጆሮው ወርዶ ስለማያውቅ ነው ይህ ስም የወጣለት። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም፤ ማዳመጫው እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል።

ባለቀለሟ ሰማያዊ ጃኬት ለብሳ መጣች። ትከሻው ላይ ሁለት ነጭ መስመር አለው። ሌላ እሱኑ የመሰለ ጃኬት ክንዷ ላይ ይዛለች።

«እንደምን አደሩ» አለችኝ። ሁልጊዜ በአንቱታ ነው የምታናግረኝ። የምበልጣት በስድስት ዓመት ነው፤ አንቱ ባለችኝ ቁጥር ግን አሥር ትጨምርብኛለች።

«ደህና።»

«ለእርስዎም አንድ አሠርቼ ነበር። ልክዎን የነገረችኝ ሚጡ ናት።»

ሚጡ ልጄ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

«እኛ ባንዲራ ያዦች የማንንም ቀለም አንለብስም» አልኳት። «የሜዳው ሕግ ነው።»

«ውይ፣ እሱን አላሰብኩትም። ለቤት ይሁንዎታ።»

«ቤት ውስጥ አልወዳደርም።»

ጋሽ ጆሮ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሴትዮዋ ትንሽ ቆማ፣ ጃኬቱን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ይዛ ሄደች። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ በእኔ ትይዩ አጥሩን ተደግፋ ቆመች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስጦታ እኮ ነው ያመጣችልሽ» አለ ጋሽ ጆሮ።

«ስጦታ ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ቀጥራኝ ዩኒፎርም የሰጠችኝ መስሎኝ።»

«በይ ቅናትሽን ለምሳ አቆይው። አሁን ሥራ ነው።»

ውድድሩ ሃያ ዙር ነው። ልጄ ቁጥሯ ሃያ ሁለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሰላም ነበሩ። በአምስተኛው ዙር ልጄ ስትመጣ፣ ባለቀለሟ ከአጥሩ በላይ ሁለት ጣቷን አነሳች። ልጄ በዚያ ፍጥነት አንድ እጇን ከመሪው ላይ አንስታ ሁለት ጣት መለሰችላት።

ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። ለእኔ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እጇን አንስታ አታውቅም። እርግጥ ባንዲራ ለያዘ ሰው ሰላምታ መስጠት ክልክል ነው፤ ከምልክት ጋር እንዳይምታታ። ሕጉን ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። ቅናቴ ግን ሕግ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ማየት ሲገባኝ አጥሩን ማየት ጀመርኩ። በየዙሩ ሁለት ጣት ትነሳለች፣ በየዙሩ ሁለት ጣት ትመለሳለች። እየቆጠርኩ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ዙር ዓይኔ ሰማያዊው ጃኬት ላይ እንዳለ የጎማ ጩኸት ሰማሁ። አንድ ቀይ መኪና ተሽከርክሮ ከመንገዱ ወጣና ጠጠሩ ውስጥ ገባ። ጋሽ ጆሮ ፊቱን ወደ ጠጠሩ አዙሮ፣ ሬዲዮውን አፉ ላይ ለጥፎ «ቢጫ! ቢጫ!» አለ። የእኔ ባንዲራ ብብቴ ሥር ነበር። መዘዝ አድርጌ ከፍ ሳደርገው ልጄ ዘጠኝ ቁጥርን ደርባ ቀድማ፣ ከጣቢያዬም አልፋ ነበር። የተዘረጋውን ቢጫ መጀመሪያ ያየው፣ የተደረበው ዘጠኝ ቁጥር ነው።

ቢጫ ባለበት መደረብ ክልክል ነው። ልጄ ስትደርብ ግን ቢጫ አልነበረም። መኖር ነበረበት፣ እኔ ዘገየሁ። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በሜዳው ካሜራ ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው።

ቀዩ መኪና ተጎትቶ ከወጣ በኋላ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ሦስተኛ ጣቢያ፣ ዘጠኝ ቁጥር በቢጫ ተደረብኩ እያለ ነው። አይታችኋል?»

ጋሽ ጆሮ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ጠጠሩን ነበር የማየው። አንቺ አይተሻል?»

ከማዶ ባለቀለሟ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ እየመለሰች፣ ያንን ጃኬት አሁንም እንዳቀፈች ነበር።

«አዎ» አልኩ።

«ማን ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። «የአንቺዋ?»

«ሃያ ሁለት አልኩ እኮ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ሴትዮ ወርቅ ነሽ። እኔ ብሆን ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር እላለሁ።» ወደ ማማው ተናገረ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ልደብቀው አልችልም። ባለቀለሟ በሰው ሁሉ ፊት ስትንበረከክ ላላይ ነው። ቀጥሎ ፍርሃት መጣ። ፍርሃቱ ሲመጣ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ፤ የቀሩትን ዙሮች አፌን ገጥሜ ጨረስኩ።

ጥቁርና ነጩ ዳማ ባንዲራ ወረደ፣ ውድድሩ አለቀ፣ እኛንም ሰብስበው ወደ ግቢው ወሰዱን። ቅጣቱ በድምፅ ማጉያ ተነግሮ ነበር። የልጄ መኪና ቢጫ ፕላስተሩን እንደለበሰ ቆሟል። አባቷ ኮፈኑን ከፍቶ ምንም የሚጠገን ነገር የሌለውን ሞተር እያየ ነበር።

ባለቀለሟ ወደ እኔ መጣች።

«ደክሞዎታል» አለችኝ። «አባቷ ሄጄ ካልተከራከርኩ ሲል እኔ ነኝ የከለከልኩት። እናቷ ካየች አይታለች፤ ያላየችውን አየሁ የምትል ሴት አይደለችም አልኩት።»

ብትሰድበኝ ምን ነበረበት።

ልጄ የተጣለ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ሄልሜቷ ጉልበቷ ላይ ነው። አላለቀሰችም።

«እማ፣ ባንዲራው አልታየኝም» አለች። «ወደ ጣቢያሽ አይቼ ነበር። አንቺን አየሁሽ፣ ባንዲራ ግን አልነበረም። ማለቴ፣ እኔ አላየሁም። አንቺ ካልሽ ነበረ ማለት ነው።»

አጠገቧ ቆምኩ።

«እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። ወደ ባንዲራ እያዩ አለማየት። ጠጠሩ ላይ ሰው ወርዶ ቢሆንስ? ገድዬው ነበር እኮ።» ሄልሜቱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ለአባዬ ነግሬዋለሁ። አልነዳም።»

«የዛሬ ንዴት ነው፣ ይወጣልሻል።»

«ንዴት አይደለም። የማያይ ሰው አይነዳም። በቃ።»

አራት ዓመት ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ቃል ነው። ፕላስተሩ አልተላጠም፣ ባለቀለሟ አልተንበረከከችም፣ ልጄም መኪና ተወች። የለመንኩት ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተሟላልኝ። ልጄ ግን አንዱን ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ በሌላው ዓይኗ ማዶ ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ለማንበብ እየሞከረች ነበር። ከዚያ ደግሞ ሌላኛውን ሸፈነች።

ቅጣት ከተሰጠ፣ ያየው ባንዲራ ያዥ በዕለቱ ቅጽ መሙላት አለበት። ያለፉትን ዓመታት ጋሽ ጆሮ ይሞላልኝ ነበር፤ ከዘንድሮ ጀምሮ ራሴው ነኝ። የዳኞቹ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አልኩ። ቅጹ ሦስት ጥያቄ አለው። የትኛው ቁጥር? ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። የትኛው ባንዲራ? ቢጫ። ሦስተኛው፣ ባንዲራው ሲነሳ መኪናው የት ነበር የሚል ነው። በሬዲዮ ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ «አልፋኝ ሄዳ ነበር። የዘገየሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ጆሮ በትከሻዬ በኩል አነበበው።

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።»

«የራሱን ተዪው፣ የእኔን በደንብ አውቄዋለሁ። የአፉን ነው ያልገባኝ። አዎ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር።»

ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። ሲያወርድ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ዋናው ዳኛ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። ድሮ እሱም ሹፌር ነበር፤ አንድ እግሩ ዛሬም አይታጠፍም።

«ለምን ዘገየሽ?»

«አጥሩን እያየሁ ነበር።»

«አጥሩ ላይ ምን አለ?»

«ጃኬት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ፣ ዘገየሽ። ሰው ይዘገያል። በሬዲዮ አዎ ማለትን ምን አመጣው?»

«እሱም ጃኬቱ ነው።»

«ባንዲራ የዘገየበት ሰው ብዙ አይቻለሁ» አለ። «በጃኬት ልጁን ያስቀጣ ግን አላየሁም። የሚመጣውን ዓመት ባንዲራ አትይዢም። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ባንዲራዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በድምፅ ማጉያ ከመነገሩ በፊት ሮጬ ወደ ልጄ ሄድኩ።

«ዓይንሽ ደህና ነው» አልኳት። «ባንዲራ አልነበረም። ዘግይቼ ነው ያነሳሁት፣ ዋሽቼ ነው ያስቀጣሁሽ።»

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ለምን ብላ አይደለም። «ሲነሳ የት ነበርኩ?» አለች።

«የኋላ ጎማሽ ከጣቢያዬ ወዲያ ነጩ ምሰሶ ጋ ደርሶ ነበር።»

ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ አየር ላይ መታጠፊያውን ዞረች። «ነጩ ምሰሶ» አለች። «እኔም ያየሁት እንደዚያው ነበር።» ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። «ለምን?»

በአገጬ ወደ ባለቀለሟ አመለከትኩ።

«በእሷ?»

«በእሷ።»

«እማ፣ እኔ እኮ ሰው ልገድል ነበር ብዬ ስቃጠል ነው የዋልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ድምፅ ማጉያው ቅጣቱ መነሳቱን ተናገረ። ሰው ሁሉ መኪናውን ከበበ። የልጄ አባት በጆሮዋ የሆነ ነገር ከነገራት በኋላ ባለቀለሟ ወደ እኔ ተመለከተች። ነገሩ እንደገባት ከፊቷ አየሁ። የሚያስደስተኝን ነገር፣ ማለትም ክፉ ነገር፣ እንድትናገር ጠበቅኳት። እሷ ግን በሰው ፊት «እርስዎ ይላጡት» አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። እግሬ ሳላዘው አንድ እርምጃ ሄደ።

«አይሆንም» አለች ልጄ፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «እትዬ ትላጠው።»

ትክክል ናት። የወለደ አንጀት ግን ትክክል የሆነ ነገር ሲነገረውም ይቆረጣል። እርምጃዬን መልሼ ቆምኩ።

ባለቀለሟ ተንበረከከች። ፕላስተሩ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ስለመታው፣ መጀመሪያ በሁለት መዳፏ እያሸች አሞቀችው። ከዚያ ጫፉን በጥፍሯ አንስታ፣ ሳትቸኩል ከግራ ወደ ቀኝ ሳበችው። መሐል ላይ እንዲበጠስ ተመኘሁ። አልተበጠሰም፤ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ከሥሩ አራት ጣት የሚሰፋ ሰማያዊ ወጣ። ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ገላ ይልቅ የደመቀ ነው፤ ሰዎች «አንዱን አንስተው ሌላ መስመር ሰጧት» እያሉ ሳቁ። ልጄ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ቀና ስትል በሰዎቹ መሐል ዓይኗ ፈልጎ አገኘኝ። አልጠራችኝም። ዓይኗንም ከእኔ ላይ አላነሳችም። እኔም ያንን ደማቅ ሰማያዊ እያየሁ፣ እሱንም የቀባችው ባለቀለሟ ናት እያልኩ በልቤ፣ እስክትጠራኝ ቆሜ ጠበቅኩ።